የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ፕሉቶ ስሟ ተነሳ፣ ከሰማዩ ግን ምንም አልጎደለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። አልሐምዱሊላህ፣ ወስሶላቱ ወስሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።

 

ዛሬ ራቅ ወዳለ ቦታ ልውሰዳችሁ። ከፀሐይ በአማካይ 5.9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትዞር ትንሽ የበረዶና የድንጋይ ዓለም። ስሟ ፕሉቶ ነው።

እቤት ውስጥ ታላላቆቻችሁን "ፕላኔቶች ስንት ናቸው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ከ1998 ዓ.ም በፊት የተማረ ሰው ሳያመነታ "ዘጠኝ" ይላችኋል። ከሜርኩሪ ጀምሮ ቆጥሮ ፕሉቶ ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲህ የተማራችሁት ደግሞ "ስምንት" ትላላችሁ። ታላቅና ታናሽ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቁጥር ይዘው ይኖራሉ። ታዲያ በመሀል ከሰማይ የወደቀ ነገር አለ? የለም። የተቀየረው የሰው አቆጣጠር ነው። ይህን ነገር ረጋ ብለን ካየነው ለኢማናችን የሚጠቅም ትልቅ ትምህርት አለው።

የሆነው እንዲህ ነው።

ነሐሴ 18 ቀን 1998 (በፈረንጆቹ 2006) ሐሙስ ዕለት፣ ፕራግ ከተማ ውስጥ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጉባኤ ሊዘጋ ነው። ለጉባኤው ወደ 2,500 የሚጠጉ ምሁራን መጥተው ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት ድምፅ የሰጡት ግን 424 ናቸው። ቢጫ ካርድ ከፍ እያደረጉ ወሰኑ። አንድ አካል ፕላኔት ለመባል ሦስት መስፈርት ማሟላት አለበት ተባለ፦ ፀሐይን መዞር፣ በራሱ ስበት ክብ ቅርጽ መያዝ፣ በሚዞርበት መንገድ ላይ ያሉ ሌሎች አካላትን ጠርጎ ብቻውን ገዢ መሆን። ፕሉቶ ሁለቱን አለፈች። ሦስተኛው ላይ ቀረች፤ ምክንያቱም የምትዞረው እልፍ የበረዶ አካላት በሚርመሰመሱበት ሰፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ "ድንክ ፕላኔት" ተባለች።

ነገሩ በድንገት የመጣ አይደለም። በ1997 ዓ.ም ከፕሉቶ ባሻገር ኤሪስ የተባለች አካል ተገኝታ ነበር፤ ያን ጊዜ ከፕሉቶ ትበልጣለች ተብሎ ተገመተ። እንግዲህ ፕሉቶ ፕላኔት ከሆነች ኤሪስስ ለምን አትሆንም? ነገስ ሌላ ቢገኝ? ሲጨመር ሊኖር ነው ወይስ ድንበር ሊሰመር? ልብ በሉ፦ በዚያው ጉባኤ ላይ ከሳምንት በፊት የቀረበው የመጀመሪያው ረቂቅ ቢጸድቅ ኖሮ የፕላኔቶች ቁጥር 12 ይሆን ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ ዘጠኝ ነበር፣ አሥራ ሁለት ሊሆን ተቃረበ፣ ስምንት ሆኖ አረፈ። ፕሉቶ ራሷ ግን በዚያ ሳምንት ሁሉ በመንገዷ ላይ ነበረች። ሱብሓነላህ!

ከዚያ የሰው ምላሽ መጣ። ምላሹ ከውሳኔው በላይ የሚገርም ነው።

በመቶዎች የሚቆጠሩ የዘርፉ ምሁራን ውሳኔውን አንቀበልም ብለው ፈረሙ። የአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ምክር ቤት በ1999 ዓ.ም "ፕሉቶ በእኛ ሰማይ ላይ ስታልፍ ፕላኔት ናት" ብሎ አወጀ። የኢሊኖይ ግዛት በ2001 ተከተለ። አሪዞና ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2016፣ ፕሉቶን የግዛቷ ይፋዊ ፕላኔት አድርጋ በሕግ አጸደቀች። ኒው ዮርክ ያለ አንድ የጠፈር ማሳያ ከውሳኔው ዓመታት በፊት ፕሉቶን ከፕላኔቶቹ ተርታ ስላወጣት ብቻ ከሕፃናት የቁጣ ደብዳቤ ጎርፎለት ነበር። የአሜሪካ የቋንቋ ምሁራን ማኅበርም የዚያን ዓመት ቃል ብሎ የመረጠው ከፕሉቶ ስም የወጣ አዲስ ግስ ነው፤ ትርጉሙ "ከማዕረጉ ዝቅ ተደረገ" እንደማለት ነው።

ሰው በዓይኑ አይቷት ለማያውቃት አካል ይህን ያህል ለምን ተቆጣ? ፕሉቶ ያለ መሣሪያ አትታይም። በጥቅምት ጥርት ባለ ሌሊት ጮቄ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ብታማትሩ እንኳ አታገኟትም። ሰው የተቆጣው የለመደውን ስለነኩበት ነው። በልጅነቱ በዜማ የሸመደደውን ቁጥር፣ ደብተሩ ላይ በቀለም የሣለውን ሥዕል ስለነጠቁት ነው። አብዛኞቻችን እንዲህ ነን፤ ብዙ ጊዜ የምንሟገተው ለእውነት ሳይሆን ለለመድነው ነገር ነው።

ከነዚህ ሁሉ ምላሾች መካከል ግን አንዱ ልቤን ነካው። ፕሉቶን ያገኛት ክላይድ ቶምባው ይባላል። የገበሬ ልጅ ነው። በረዶ የቤተሰቡን አዝመራ ስላጠፋው ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕቅዱ ቀረ። እሱ ግን ከእርሻ ዕቃ ስብርባሪ ሳይቀር ቴሌስኮፕ ሠርቶ ሰማይን እያየ ይሥል ነበር። ሥዕሉን ለአንድ የምርምር ጣቢያ ላከ፣ ተቀጠረ፣ በየካቲት 1922 ዓ.ም፣ ንግሥት ዘውዲቱ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ፣ በ24 ዓመቱ ፕሉቶን አገኛት። በረዶ ማሳን እንዴት እንደሚያደርገው የምታውቁ የጎጃም ልጆች ይህ ታሪክ ይገባችኋል። ውሳኔው ሲሰማ እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። ባለቤቱ ፓትሪሺያ ስትጠየቅ የመለሰችው ይህን የመሰለ ነው፦ ቢኖር ቅር ይለው ነበር፤ ነገር ግን ሳይንቲስት ስለነበር ችግሩን ይረዳው ነበር።

ምን ያህል ምክንያት ነበራት ለመቆጣት! ሌላው የተነጠቀው የትምህርት ቤት ትዝታ ነው፤ የሷ ግን የባሏ የዕድሜ ልክ ስም ነው። እሷ ግን ቅሬታዋን ደበቅ ሳታደርግ ለእውቀት ቦታውን ለቀቀች። ሙስሊም ለዚህ አደብ ከማንም በላይ የቀረበ መሆን ነበረበት።

ለምን? የአደምን ታሪክ እናስታውስ። በሱረቱል በቀራህ እንደምናነበው አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ አደምን ያላቀበት ነገር ስሞችን ማስተማሩ ነው። ነገሮችን መለየት፣ መሰየም፣ መመደብ ለሰው ልጅ የተሰጠ ክብር ነው። መላእክት ስለ ስሞቹ ሲጠየቁ ደግሞ ያሳዩት አደብ አለ፦ ጥራት ይገባህ፣ አንተ ካሳወቅኸን በቀር እውቀት የለንም አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ። መሰየም ክብራችን ነው፣ "አላውቅም" ማለት ደግሞ አደባችን ነው። ስሙ የኛ ነው፤ ፍጥረቱ የአላህ ነው። የኛ የሆነው ይታረማል። የእሱ የሆነው በወሰነለት መንገድ ይዋኛል።

ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያው ፕሉቶን ዝቅ ያደረገው ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚል መለያ ያለው ኮከብና እሱን የሚዞር ፕላኔት ነው። በታኅሣሥ 2012 ስማቸው ይፋ ሆነ፦ ኮከቡ "ቡና"፣ ፕላኔቱ "አቦል"። ማሻአላህ፣ ደስ ይላል። ሰማይ ላይ የኛ ጀበና ስም አለ። ግን አስቡት፤ አቦል ከመባሉ በፊትም አላህ የፈጠረው ፕላኔት ነበር። ስሙን ስናወጣለት ምንም አልጨመርንለትም። ፕሉቶም ማዕረጓ ሲነሳ ምንም አልቀነስንባትም። ስንሰይም የተኩራራን፣ ስንሽር የተቆጣን እኛ ነን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰው ሰማይን ከራሱ ጉዳይ ጋር ማያያዝ ይወዳል። በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ይህ ሆኗል። ልጃቸው ኢብራሂም የሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች "ለኢብራሂም ሞት ነው የተጋረደችው" አሉ። ያዘነ አባት ይህን ሲሰማ ዝም ቢል ማን ይወቅሰዋል? እንዲያውም ክብሩን የሚጨምርለት ወሬ ነው። እሳቸው ግን አልተቀበሉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ ግርዶሽ ስናይ ወደ ሶላትና ወደ ዱዓ እንድንሮጥ አስተማሩ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በልጃቸው ቀብር ቀን፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ ለሳቸው የሚያደላ የሚመስለውን ስህተት አረሙ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ላሊበላ አካባቢ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች፤ በኛም ሰማይ ላይ ብዙው ክፍሏ ተጋርዶ ነበር። ሰዓቱና መንገዱ አስቀድሞ በስሌት ተነግሮ ነበር፣ እንደተነገረውም ሆነ። ሙስሊም ይህን ሲያይ ሁለቱንም ያደርጋል፦ ስሌቱን ይቀበላል፣ ለፈጠራት ጌታ ደግሞ ይሰግዳል። አንዱ አንዱን አያባርረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በስልካችሁ ከሚደርሷችሁ ጽሑፎች መካከል የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ሕልም ከፕላኔቶች ቁጥር ጋር የሚያያይዝ አለ። ዩሱፍ በሕልሙ 11 ከዋክብት፣ ፀሐይና ጨረቃ ሲሰግዱለት አየ፤ ስለዚህ ቁርኣን የፕላኔቶች ቁጥር 11 መሆኑን አስቀድሞ ተናግሯል፣ ሳይንስ ገና እየደረሰበት ነው ይላሉ። ከሥሩ "ሱብሓነላህ ሼር አድርጉ" ይላል። እኛም እናደርጋለን።

ቆይ እስቲ። ከፕራጉ ሳምንት ጋር አስተያዩት። ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ ስምንት። የትኛው ቀን ላይ ነው አስራ አንዱን የምትለጥፉት? ሲለወጥስ ምን ልትሉ ነው? እስቲ አስቡት፦ ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ ወንድማችሁ ይህን በኩራት ለዶርም ጓደኛው ይነግረዋል። ጓደኛው ስልኩን ከፍቶ "ስምንት ናቸው፤ ታዲያ ቁርኣናችሁ ተሳሳተ?" ይለዋል። ወንድማችን መልስ ያጣል። ያን ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ቁርኣን ስለተሳሳተ አይደለም። አንድ ሰው ያላለውን ነገር በቁርኣን ስም ስለነገረው ነው።

ሱራው ራሱ ሕልሙን ፈትቶታል። መጨረሻው አካባቢ ወላጆቹና ወንድሞቹ በፊቱ በክብር ሲያጎነብሱ ዩሱፍ ለአባቱ የቀድሞ ሕልሜ ፍቺ ይህ ነው ይላል። አስራ አንዱ ወንድሞቹ ናቸው። ፀሐይና ጨረቃ ወላጆቹ ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ የጣሉት ወንድሞቹ! የሱራው ተአምር ይህ ነው፤ ምቀኝነት በይቅርታ ሲሸነፍ፣ የተጣለው ልጅ የጣሉትን ሲመግብ። ይህን ትተን ፕላኔት ስንቆጥር የተቀመጠልንን ማዕድ ትተን ሳህን እየቆጠርን ነው።

ቋንቋውም አያግዝም። የኛ "ኮከብ" እና የቁርኣኑ "ከውከብ" ዘመዳም ቃላት ናቸው። የዛሬው የዐረብኛ ሳይንስ ከውከብን ለፕላኔት ይጠቀምበታል። ጥንት ግን ቃሉ ሰፊ ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቁ አብዱረሕማን አስ-ሱፊ ከሺህ ዓመት በፊት የጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ በርዕሱ ላይ ያለው ይኸው ቃል ነው፤ መጽሐፉ የሚያወራው ግን ስለ ፕላኔት ሳይሆን በቦታቸው ስለሚታዩ ከዋክብት ነው። የዛሬን የመማሪያ መጽሐፍ ትርጉም ወስደን ወደ ኋላ ቁርኣን ላይ መጫን ለቁርኣን አክብሮት አይደለም።

ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ)፣ በ505 ሂጅሪያ የሞቱት፣ ፈላስፎችን የሞገቱበትን መጽሐፋቸውን ሲጀምሩ ይህን በሽታ ነክተውታል። የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ዲንን አልረዳም፣ ጎዳው እንጂ ብለዋል። ያለ አግባቡ ለዲን የሚከራከር ሰው ጉዳት፣ በአግባቡ ከሚቃወመው ይብሳል የሚል ሐሳብም አላቸው። አል-ገዛሊ የተናገሩት ስለሚክደው ነው። የኛ ዘመን ደግሞ ሌላ ጎን ጨምሮበታል፦ የዛሬን ሳይንስ ሁሉ ቁርኣን ላይ የሚለጥፈውን። አንዱ "ሳይንስ ዛሬ ያለውን ነገ ይቀይራል፣ ስለዚህ ውሸት ነው" ይላል። ሌላው "ሳይንስ ያለውን ሁሉ ቁርኣን ቀድሞ ብሎታል" ይላል። ሁለቱም ፕሉቶን አልተማሩባትም። ሳይንስ መታረሙ ውሸታም አያደርገውም፤ ስህተቱን የሚያርም ሐቀኛ ነው። የሚታረም ነገር ደግሞ የማይለወጠው ቃል መሠረት ሊሆን አይችልም። ካስማ በሚነቃነቅ አፈር ላይ አይተከልም።

ቁርኣን ወደ ሰማይ እንድናይ ደጋግሞ ይጋብዘናል። የሚጋብዘን ቆጥረን እንድንኩራራ ሳይሆን አስተውለን እንድንሰግድ ነው። ሰዎች ስለ ጨረቃ መለዋወጥ ሲጠይቁም የተመለሰላቸው ለሰዎችና ለሐጅ የጊዜ መለኪያ መሆኗ ነው። ለሥራ የሚሆነው መልስ ተሰጣቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ይህን የምጽፈው ከፕሉቶ በላይ እናንተን እያሰብኩ ነው።

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ ያስገባ የነበረ ውጤት በዚያ ዓመት "ወደቀ" ተባለ። መስመሩ ስለተሰመረ በአንድ ቀን ስማቸው የተቀየረ ስንት ልጆች ናቸው! መስመሩ ዋጋ የለውም አልልም፤ አለው። ማንበብም፣ እንደገና መፈተንም ግዴታችን ነው። ግን "ወደቀ" የወረቀቱ ስም ነው፤ የልጁ ሙሉ ስም አይደለም። ሰፈር ውስጥ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ወንድሙን "ዘጠኝ ዓመት ተምሮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ…" እያለ በቅጽል ስም የሚያሸማቅቅ ካለ ሱረቱል ሑጁራትን ይመልከት። አላህ ሰው በሰው ላይ እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳይጠራራ ከልክሏል። በዚያው ሱራ ውስጥ የክብር መለኪያውን ነግሮናል፦ ተቅዋ። ይህ መስፈርት በድምፅ ብልጫ አይሻሻልም። ጉባኤ አይሽረውም።

ፕሉቶ ፀሐይን አንዴ ለመዞር 248 ዓመት ይፈጅባታል። ሰው ካገኛት ወዲህ የመንገዷን ግማሽ እንኳ አልሄደችም። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ተገኘች፣ ተሰየመች፣ ተሾመች፣ ተሻረች፣ ምክር ቤት ተሟገተላት። በሐምሌ 2007፣ በ1436 ረመዷን የመጨረሻ ቀናት፣ አንዲት መንኩራኩር የክላይድ ቶምባውን አመድ ጥቂት ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ፦ የበረዶ ተራሮችና የልብ ቅርጽ ያለው ሰፊ ነጭ ሜዳ። "ድንክ" ከተባለች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ውበቷን ስም አልሰጣትም፣ ስም አልነጠቃትም። ያስዋባት ሌላ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ስለ ቁርኣንና ሳይንስ የደረሳችሁን ጽሑፍ ከማጋራታችሁ በፊት አያውን ከፊትና ከኋላው ጋር አንብቡ፣ ኡስታዛችሁንም ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የለመዳችሁት ነገር በማስረጃ ሲታረም "አልሐምዱሊላህ፣ አወቅሁ" በሉ። ሦስተኛ፣ አንድ "ወደቀ" የተባለ ወንድም ወይም እህት ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ደውሉላቸው፣ በሙሉ ስማቸው ጥሯቸው።

ሱረቱል ካህፍንና በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።

አላህ ሆይ! የሚጠቅም እውቀት ስጠን፣ ከማይጠቅም እውቀት ጠብቀን። እውነትን እውነት አድርገህ አሳየን፣ መከተሉንም ለግሰን። ለቃልህ ካለማወቅ ከመናገር ጠብቀን። ሰዎች ዝቅ ባደረጉን ጊዜ አንተ ዘንድ ዝቅ ከማለት ጠብቀን፤ ሰዎች ከፍ ባደረጉን ጊዜም በራሳችን ከመታለል ጠብቀን። አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።